ለአራስ ጥየቃ ባሕር ማዶ ለሚበሩ እናቶች

ልጅዎ ዋሽንግተን አካባቢ ወልዳለች እንበል። ከወራት ደጅ ጥናት በኋላ ቪዛው ተገኝቷል፤ ቲኬቱንም ልጅቱና ባለቤቷ ገዝተው ልከዋል። ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረቻት» እያለ ይመጣል፤ የገንፎው እህል ይታጠባል፣ ይሰጣል፣ ይፈጫል፤ በርበሬው ይሰናዳል፤ ቅቤው ይነጠራል። በዚህ ሁሉ ግርግር መካከል ግን አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ እርሱም መንገደኛዋ ራሷ ናት። ስለ ሻንጣዎቹ ሰባት ሰው ሲመክር፣ ስለ እርስዎ እግር፣ ስለ እርስዎ ጆሮና ስለ እርስዎ እንቅልፍ የሚያስብ አንድም ሰው አይገኝም። የዛሬው ጽሑፋችን ለእርስዎ የታሰበ ነው።

እኔ ይህን ጉዳይ በጥሞና ማየት የጀመርሁት አክስቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዚሁ ጉዳይ ወደ አሜሪካ ደርሰው በተመለሱ ጊዜ ነው። እንዴት ነበር ብዬ ብጠይቃቸው፣ «የፈራሁት ሰማዩን ነበር፤ ያሰቃየኝ ግን ጫማዬ ነው» አሉኝ። ለመንገዱ ተብሎ አዲስ የተገዛላቸው ጠባብ ጫማ ነበር። በጉዞው አጋማሽ ቢያወልቁት እግራቸው አብጦ ተመልሶ አልገባ ስላለ፣ የልጃቸውን አገር የረገጡት በካልሲ ነው። እኛ ስቀን ነበር። ኋላ ግን ሐኪም የነገረንን ስንሰማ ሳቁ ቀረ፤ ወደዚያ እመለስበታለሁ።

ከሁሉ አስቀድመው ቲኬትዎን ያንብቡ፤ ካልሆነም ሌላ ሰው ያስነብቡ። ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት በፈረንጆች አቆጣጠር ከእኩለ ሌሊት ተነሥቶ እስከ 24 የሚዘልቅ ነው። 13፡00 ማለት በእኛ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፤ 22፡30 ማለት ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው። ይበልጥ የሚያሳስተው ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው በረራ ነው። ቲኬቱ «ማክሰኞ 00፡30» የሚል ከሆነ፣ በእኛ ቋንቋ ይህ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ነው። ስለዚህ ከቤትዎ የሚወጡት ሰኞ ማታ ነው ማለት ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣዋን አስጭና፣ በሸኚ ታጅባ ቦሌ የደረሰች አንዲት እናት አውቃለሁ፤ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ጥቂት ሰዓት ብቻ ቀርቶት ነበር። የቀኑም ነገር እንዲሁ ነው፤ ቲኬቱ የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ወር ነውና፣ ቀኑንና ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር በትልቁ አጽፈው ከግድግዳው ላይ ይለጥፉት። ለዓለም አቀፍ በረራ ሦስት ሰዓት ያህል ቀድሞ መድረስ ደግ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በጥድፊያ የሚደረግ ፍተሻ ብዙ ነገር ያስረሳል።

አሁን ወደ ሻንጣው። ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ ለሚጓዝ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚፈቀደው እያንዳንዱ 23 ኪሎ የሆነ ሁለት ሻንጣና 7 ኪሎ ያህል የእጅ ሻንጣ ነው፤ ቲኬቱ ሊለይ ስለሚችል የእርስዎን አረጋግጡልኝ ይበሉ። ሻንጣውን እቤት ሳሉ ይመዝኑ። ጎረቤት ሚዛን ከሌለው የእህል ነጋዴው ደጃፍ አይጠፋም። ቦሌ ላይ ሻንጣ መሬት ላይ ዘርግተው፣ የመጣው ሰው ሁሉ እያየ፣ ሽሮ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዘዋውሩ እናቶችን ማየት እንዴት ልብ እንደሚነካ ያየ ያውቀዋል።

በእጅ ሻንጣ የሚያዘውንና በትልቁ ሻንጣ የሚላከውን መለየት ግን ከክብደቱ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ፈሳሽና ቅባት ነክ ነገር በእጅ ሻንጣ የሚፈቀደው እያንዳንዱ ዕቃ ከ100 ሚሊ ሊትር ሳይበልጥ ነው። ቅቤም፣ ማርም፣ የፀጉር ቅባትም ከዚሁ ይቆጠራሉ። «ቅቤው እኮ ረግቷል» ብሎ መከራከር አያዋጣም። ወደ አሜሪካ ለሚሄድ መንገደኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ዱቄት ነክ ነገር ከ350 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከአንድ የለስላሳ ቆርቆሮ ልክ ካለፈ፣ በእጅ ሻንጣ ውስጥ ተጨማሪ ፍተሻ ይጠይቃል፤ ተጣርቶ ካልታወቀም አብሮ አይገባም። እንግዲህ በርበሬው፣ ሽሮውና የገንፎው ዱቄት መንገዳቸው በትልቁ ሻንጣ ነው። በወፍራም ላስቲክ ሁለት ጊዜ ያሽጉት፤ በላዩም ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ያስጽፉበት።

መድኃኒትዎ ግን በምንም ምክንያት ከእጅዎ አይለይ። የአክስቴ የደም ግፊት ክኒን በትልቁ ሻንጣ ገብቶ ነበር፤ ሻንጣው በመንገድ ቀርቶ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። አራስ ልጃቸው በተኛችበት እርሳቸው ራስ ምታት ይዟቸው፣ አማቻቸው በማያውቁት አገር የመድኃኒት ቤት ደጅ ሲጠና ዋለ። ክኒኑን ከነማሸጊያው፣ ከነሐኪም ወረቀቱ፣ ለጥቂት ቀናት የሚተርፍ አድርገው በእጅ ሻንጣዎ ይያዙ። የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ ኢንሱሊኑን ከእርስዎ ጋር ማድረግ ግዴታ ነው፤ የመውጊያውን ሰዓት ደግሞ የሰዓቱ ልዩነት ስለሚያዛባው ከመነሣትዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ። የእጅ ስልክ መሙያ ተጨማሪ ባትሪም ከካልሲ ጋር ተጠቅልሎ ወደ ትልቁ ሻንጣ መግባት የለበትም፤ በእሳት አደጋ ምክንያት በእጅ ብቻ የሚያዝ ነው።

ስለ ምግቡ አንድ ነገር ልጨምር። ቋንጣና የሥጋ ወጥ ወደ አሜሪካ አይገቡም። ምክንያቱ ንቀት ወይም ክፋት አይደለም፤ አፍተግርን የመሰለ የከብት በሽታ በሥጋ ይተላለፋል ተብሎ ስለሚፈራ ነው። የቀረውን ሁሉ ሲደርሱ ለጉምሩክ ሹሙ ማስታወቅ ያስፈልጋል። ያስታወቁት ነገር የተከለከለ ሆኖ ቢገኝ ይወሰዳል እንጂ ቅጣት የለውም፤ የደበቁት ቢገኝ ግን መቀጮ አለው። «ምግብ ይዣለሁ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ አስጽፈው ከፓስፖርትዎ ጋር ያኑሩት።

ደግሞም የአደራው ነገር አለ። ጉዞዎ ከተሰማበት ቀን አንሥቶ በርዎ ይንኳኳል። የዚህኛዋ እህት በርበሬ፣ የዚያኛው ልጅ ነጠላ፣ የማያውቁት ሰው «ለወንድሜ ትንሽ ሻይ ቅጠል»። አደራ መቀበል ባህላችን ነው፤ እምቢ ማለትም ያሳፍራል። ቢሆንም ሻንጣው የእርስዎ ስም የተለጠፈበት ነው። ጫት በአሜሪካ ሕግ የተከለከለ ዕፅ ነው፤ ደርቆ ሲፈጭም ከሌላ ቅጠል ብዙ አይለይም። በሻንጣዎ ቢገኝ የሚጠየቁት ላኪው ሳይሆኑ እርስዎ ነዎት፤ የልጅ ልጅዎን ሳያዩ ከበር መመለስም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ከቅርብ ዘመድ የመጣውን እንኳ ፊት ለፊት ፈትተው ይዩ፤ የማያውቁትን ሰው ዕቃ አይቀበሉ። ማፈር ከሆነብዎ ጥፋቱን በልጅዎ ላይ ያሳብቡት፤ «ልጄ ከለከለችኝ» ማለት ማንንም አያስቀይምም።

ለመንገዱ የሚለብሱት ልብስ ሰፋ ያለና ጥጥ ቢሆን ይመረጣል። ወገብ የሚያጠብቅ ነገር ይቅርብዎ። ጫማው የለመዱት፣ በቀላሉ የሚወልቅና የሚጠለቅ፣ ጣት የሚያላውስ ይሁን። የወርቁ ነገር ደግሞ፣ የአንገቱም የእጁም ተደርጎ ፍተሻ ላይ ሲደረስ መሣሪያው ይጮኻል፤ አንድ በአንድ እየተፈታ በሳህን ሲቀመጥ አንዱ ቀለበት ይቀራል። የግድ ካስፈለገ በአንዲት ትንሽ ቦርሳ አኑረው ከእጅ ሻንጣዎ ውስጥ ያድርጉት። ጋቢ ከባድ ነው፤ ነጠላ ወይም ፎጣ የሚያህል ሙቀት ያለው ነገር ግን ይያዙ። አውሮፕላኑ የሚሰጠው ብርድ ልብስ ስስ ነው፤ ሌሊቱ ሲገፋ ይበርዳል።

ቦሌ ሲደርሱ ሸኚዎችዎን በደጅ ይሰናበታሉ። እንባው እዚያው ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ እርስዎ ብቻዎን ነው የሚሄዱት፤ ረጅሙም እርሱ ነው። እግር የሚያዳክም ርቀት፣ በራሱ የሚንቀሳቀስ ደረጃ፣ ፍተሻው፣ የኢሚግሬሽኑ ሰልፍ አለ። ጉልበትዎ ደካማ ከሆነ ቲኬቱ ሲቆረጥ ተሽከርካሪ ወንበር እንዲያዝልዎ ልጅዎ ታስመዝግብ። ክፍያ የለውም። ብዙ እናቶች «እኔ ሽባ ነኝ ወይ?» ብለው ይቆጣሉ። አይቆጡ። የሚገፋው ሠራተኛ መንገዱን ያውቃል፤ ሰልፉንም ያሳጥርልዎታል። መራመድ እየቻሉ ያስቸገርዎ ቋንቋው ብቻ ከሆነ ደግሞ ይህንኑ ገልጾ አስተባባሪ ሰው እንዲመደብ መጠየቅ ይቻላል። ሁሉም አየር መንገድ ባይሆንም ብዙዎቹ ያደርጉታል። በተረፈ በአንድ ወረቀት ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ስምዎን፣ የልጅዎን ስም፣ አድራሻና ስልክ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት አጽፈው ከአንገትዎ በሚንጠለጠል ቦርሳ ይያዙት።

በራሱ የሚሄደው ደረጃ ካስፈራዎ አሳንሰር አለ፤ ይጠይቁ። ነጠላዎንና ቀሚስዎን ሳይሰበስቡ ግን ደረጃው ላይ አይውጡ።

ከገቡ በኋላ የሚያስጨንቀው የመጀመሪያው ነገር መነሣቱ ነው። እዚህ ላይ ለእኛ ለደጋ ሰዎች የተሰጠ አንድ ጸጋ አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። አውሮፕላኑ 11 እና 12 ሺህ ሜትር ላይ ሲበር፣ ውስጡ ያለው አየር በመሣሪያ እየተጨመቀ የሚቆየው ከ2,400 ሜትር የማይበልጥ ከፍታን በሚመስል ግፊት ነው። ይህ ማለት የአዲስ አበባ አየር ነው ማለት ነው። እንደ ቦይንግ 787 እና እንደ ኤርባስ ኤ350 ባሉት አዳዲስ አውሮፕላኖች ደግሞ ወደ 1,800 ሜትር ዝቅ ይላል፤ ይህም የባሕር ዳር ከፍታ መሆኑ ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ ወደ ሰማይ ሲወጣ የእርስዎ ሰውነት ከአዲስ አበባ ወደ ጣና ዳር የወረደ ያህል ነው የሚሰማው። ከባሕር ጠረፍ ከተሞች የሚነሣ ሰው ሲወጣ ጆሮው ሲደፈንና ሆዱ ሲነፋ፣ እኛን እምብዛም አይነካንም። ድሮ እንዲህ አልነበረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1946 በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገበት ሲ-47 አውሮፕላን አየሩን የሚጨምቅ መሣሪያ አልነበረውም።

ችግሩ ሲያርፍ ነው። የዋሽንግተኑ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል ያለው ከፍታ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከባሕር ዳር ወደ ቆላው በረሃ እንደ መውረድ ይቁጠሩት። ያን ጊዜ ጆሮ ይደፈናል፤ ጉንፋን ላለበት ሰው ደግሞ ብርቱ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር አይተኙ፤ አጠገብዎ ያለውን ሰው ቀስቅሰኝ ይበሉ። ማስቲካ ያላምጡ፣ ከረሜላ ይምጠጡ፣ ምራቅዎን ደጋግመው ይዋጡ። ቆሎም ያው ነው፤ ጥርስ ላለው ሰው እንዲያውም ይሻላል። ይህ ሁሉ ካልከፈተው አፍዎን ገጥመው፣ አፍንጫዎን በሁለት ጣት ይዘው፣ በቀስታ እንደ መናፈጥ ያድርጉ። በኃይል አይሁን። ልጅዎ አንድ ቀን ሕፃኑን ይዛ ወደ አገር ስትመጣም ይህንኑ ይንገሯት፤ ሕፃን ምራቅ ዋጥ ቢሉት አይሰማምና በሚያርፍበት ጊዜ ጡት ወይም ጡጦ ማጥባት ነው መፍትሔው። ነፍሰ ጡር ሆና መጓዝ ብታስብ ደግሞ ብዙ አየር መንገዶች ከ36 ሳምንት በኋላ፣ መንታ ከሆነ ከ32 ሳምንት በኋላ አይጭኑም፤ ከ28 ሳምንት ወዲያ የሐኪም ወረቀት የሚጠይቁም አሉ።

አሁን ወደ አክስቴ እግር ልመለስ። ሰው ለረጅም ሰዓት ቁጭ ሲል ደሙ ከእግሩ ወደ ላይ እንደ ልቡ አይመለስም፤ ምክንያቱም ደሙን ወደ ልብ የሚገፋው የባት ጡንቻ ሥራ ስለሚፈታ ነው። ማበጡ ከዚህ የመጣ ነው፤ ብዙውን ጊዜም አርፈው ሲተኙ ይጠፋል። አልፎ አልፎ ግን ደሙ በባት ውስጥ ይረጋል። የረጋው ደም ተቆርሶ ወደ ሳንባ የሄደ እንደሆነ ሕይወት ያጠፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ተቀምጦ መጓዝ ይህን አደጋ በእጥፍ ያህል እንደሚያሳድገው ገልጿል። በአውሮፕላን ብቻ አይደለም፤ በአውቶቡስም በባቡርም ያው ነው። ጤነኛ ለሆነ ሰው አደጋው አነስተኛ ነው፤ ከ6,000 ሰው አንዱን ያህል ነው የሚያገኘው። ነገር ግን በቅርቡ ቀዶ ጥገና ያደረገች፣ ከዚህ በፊት ደም የረጋባት፣ ነፍሰ ጡር ወይም በቅርቡ የወለደች፣ ከመጠን በላይ የወፈረች፣ የወሊድ መከላከያ ክኒን የምትወስድ፣ የካንሰር ሕመም ያለባት ሴት ሐኪም ሳታማክር እንዲህ ያለውን ረጅም ጉዞ መጀመር አይገባትም። ሐኪሙ ባትን የሚያጠብቅ ልዩ ካልሲ ሊያዝላት፣ ወይም መድኃኒት ሊሰጣት ይችላል። ሰው ነገረኝ ብሎ ደም የሚያቀጥን ክኒን በራስ መውሰድ ግን ሌላ አደጋ ነው።

ለሁላችንም የሚሆነው ነገር ቀላል ነው። መቀመጫዎ በመተላለፊያው በኩል እንዲሆን አስቀድመው ይጠይቁ። የመስኮቱ ወንበር ለማየት ያምራል፤ ነገር ግን ለመነሣት ሁለት ሰው ማስቸገር ስለሚያስፍርዎ ሳይነሡ ይቀራሉ። በነቁበት ሰዓት ሁሉ፣ በየሰዓቱ ገደማ፣ የቀበቶው መብራት ሲጠፋ ተነሥተው ደርሰው ይመለሱ። ተቀምጠውም ቢሆን ተረከዝዎን መሬት አስነክተው ጣትዎን ወደ ላይ፣ ከዚያም ጣትዎን አስነክተው ተረከዝዎን ወደ ላይ፣ እየደጋገሙ ያንሡ። ጥጥ ሲፈትሉ ወይም ስፌት ሲሰፉ ቁጭ ብለው የዋሉ እናት፣ ሲነሡ እግራቸውን እንደሚያፍታቱት ማለት ነው። እግር አጣጥፎ ሰዓታትን መቆየት አይበጅም፤ የእጅ ሻንጣውንም ከእግርዎ ሥር አያድርጉት፤ ቦታውን ይዘጋብዎታል። ከጉዞው በኋላ አንድ እግር ብቻውን ካበጠ፣ ባት ከቀላ ወይም ካመመ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረና ደረት ከወጋ «ድካም ነው» ብለው አይተኙ፤ የዚያኑ ሰዓት ሐኪም ቤት ይሂዱ። አክስቴን ያየው ሐኪም ጥርጣሬ ገብቶት መርምሮ ነበር፤ ደግነቱ የረጋ ደም አልተገኘባቸውም።

እዚህ ላይ እናቶች በአደባባይ የማይናገሩትን አንድ ነገር ማንሣት ግድ ይለናል። ብዙዎቻችሁ በአውሮፕላን ውኃ አትጠጡም። የማትጠጡት ስላልጠማችሁ አይደለም፤ ሽንት ቤቱን ስለምትፈሩት ነው። የአውሮፕላን ውስጥ አየር ደረቅ ነው፤ እርጥበቱ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 20 በታች ነው። ከንፈር ይሰነጥቃል፣ ዓይን ያሳክካል፣ ጉሮሮ ይደርቃል። በዚህ ላይ ውኃ መተው ራስ ምታቱንና የሆድ ድርቀቱን ያብሳል። ስለዚህ ሽንት ቤቱን ከወዲሁ ይወቁት። በሩ ብዙውን ጊዜ መካከሉን ሲገፉት ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ነው። ከገቡ በኋላ መቀርቀሪያውን እስከ መጨረሻው ይግፉት፤ ያን ጊዜ መብራቱ ይደምቃል፣ በውጭም ሰው እንዳለ ያሳያል። ማውረጃውን ሲጫኑ በኃይል ይጮኻል፤ በአየር ስቦ የሚወስድ ነውና አይደንግጡ፤ ክዳኑን ከድነው ይጫኑት። የቧንቧው ውኃ ለእጅ መታጠቢያ እንጂ ለመጠጥ አይሆንም። የሚጠጣውን ከአስተናጋጆቹ ይጠይቁ፤ ሥራቸው ነው፤ ደጋግመው ቢጠይቁም አይሰለቹዎትም። ቡና አንድ ሁለት ስኒ ምንም አይል። ወይን ጠጁ ቢቀርብዎ ግን በባዶ ሆድና በደረቅ አየር ላይ ሌላ ነው።

የጾም ጊዜ ከሆነ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ የሆነ ምግብ አስቀድሞ ይታዘዛል፤ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት መሆን ይኖርበታል። በአውሮፕላኑ ውስጥ ሲጠይቁ «የለም» የሚባሉት ለዚህ ነው። ዳቦ ቆሎ በቦርሳ መያዝ አይከፋም፤ አጠገብ ለተቀመጠው እንግዳም ጨዋታ መክፈቻ ይሆናል። በመልሱ ጉዞ ግን ልብ ይበሉ፤ ከዝቅተኛ አገር ተነሥተው ስለሚወጡ በሆድ ውስጥ ያለው አየር ይነፋል። ያን ዕለት ባቄላና ሽንብራ፣ የለስላሳ መጠጥም ቢቀር ይሻላል።

ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ አንዳንድ በረራዎች በመንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት ያርፋሉ። ቦሌ ከፍታ ላይ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ ለመነሣት ያስቸግራል። አክስቴ በዚህ ጊዜ ደረስን ብለው ቀበቶአቸውን ፈትተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ድረስ ሄደው ነበር። አስተናጋጇ እጃቸውን ይዛ መለሰቻቸው። ስለዚህ ቲኬቱ ሲገዛ በረራው የሚያርፍ መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ፤ የሚያርፍ ከሆነም መቀመጫዎ ላይ ይቆዩ።

ሲደርሱ የሚያርፉበት ቦታ ደለስ ይባላል። ቴክሳስ ውስጥ ካለው ዳላስ ከሚባለው ከተማ ጋር አያምታቱት፤ ስማቸው ለጆሮ አንድ ነው፤ አገራቸው ግን የሦስት ሰዓት በረራ ያህል ይራራቃል። ደለስ የሚገኘው ቨርጂኒያ ውስጥ ከዋሽንግተን መሀል ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሲሆን፣ ከተከፈተበት ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መንገደኞችን የሚያመላልስ አንድ ለየት ያለ ተሽከርካሪ አለው። ትልቅ የእንግዳ ማረፊያ ክፍል ይመስላል፤ ሰው ሞልቶ ሲያበቃ ግን ክፍሉ ከነሰዉ ይንቀሳቀሳል። አውቶቡስ ነው ብለው ይግቡ፤ አይደንግጡ።

በኢሚግሬሽኑ ሹሙ የሚጠይቅዎ ጥቂት ነገር ነው፤ ለምን መጡ፣ ከማን ዘንድ ያርፋሉ፣ ስንት ጊዜ ይቆያሉ። አሻራና ፎቶግራፍም ይወስዳል። እውነቱን በአጭሩ ይንገሩት፤ «ልጄን ልጠይቅ፤ ወልዳለች» የሚለው በቂ ነው። አስተርጓሚ ከፈለጉ «አምሃሪክ» ብለው ቢናገሩ ይገባቸዋል። በዚያ አካባቢ ኢትዮጵያውያን ብዙዎች ስለሆኑ፣ ከሻንጣው ቦታ ጀምሮ አማርኛ የሚሰማ ጆሮ አይታጣም።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈተና እንቅልፍ ነው። ዋሽንግተን በክረምታቸው ከአዲስ አበባ 8 ሰዓት፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። በመጀመሪያው ቀን ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ዓይንዎ ይከደናል፤ አገርዎ እኩለ ሌሊት አልፏልና። ቢቻልዎ እስከ ምሽቱ 2 እና 3 ሰዓት ይታገሉት፤ ቀን ቀን በብርሃን ወጣ ብለው ይራመዱ፤ ቀን ከተኙም ከግማሽ ሰዓት አይለፍ። እንዲህም ሆኖ ለጥቂት ቀናት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ዓይንዎ ፍጥጥ ብሎ መንቃቱ አይቀርም፤ በአዲስ አበባ ረፋድ ሆኗል፤ ቡና ተፈልቶ አልቋል። ያን ጊዜ በጨለማው አልጋ ላይ አይገላበጡ። በወዲያኛው ክፍል አንድ ሌላም ቀንና ሌሊቱን ያልለየ ሰው አለ፤ ከተወለደ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። ጠብቶ ካበቃ ከእናቱ እቅፍ ይቀበሉትና ሳሎን ይዘውት ይውጡ፤ ልጅዎ እስኪነጋ ድረስ ትተኛ።